ቀጠሮ አስታዋሽ ለአንድ ጤና ኬላ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018

ሥራው ተጀመረ። ያለን አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ሁለት ርካሽ አንድሮይድ ስልክና ብዙ ወሬ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር እናት ወይም ክትባት የጀመረ ሕፃን ከቀጠሮ ሲቀር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በዚያው ሳምንት እንድታውቅ የሚያደርግ ትንሽ መተግበሪያ። የወረዳውንም የቀበሌውንም ስም አልጽፍም። ሰው የሚተዋወቅበት ትንሽ አገር ነው።

ከጤናው ዘርፍ ውጭ ላላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአንድ ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ ይኖራል፤ በኬላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለሙያዎች ይመደባሉ። ከ3,000 እስከ 5,000 የሚሆን ሰው ጤና የሚጠበቀው በእነሱ ነው። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። እዚህ ጤና ጣቢያው በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ክረምት ላይ ወንዙ ከሞላ ጭራሽ አይታሰብም።

"ጤና ሚኒስቴር በታብሌት የሚሠራ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አለው፤ እናንተ ምን ትጨምራላችሁ?" የሚል ጥያቄ ገና ከአሁኑ እየመጣ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታብሌቱ እዚህ ኬላ አልደረሰም። ሲደርስ የእኛ ነገር ይነሳል ወይም መረጃውን ያስረክባል። ስለዚህ የምንሰበስበውን ሁሉ በወረቀቱ ካርድ ላይ ካሉት መጠይቆች ጋር አንድ ለአንድ እያገናኘን ነው። አዲስ መጠይቅ ፈልስፎ ባለሙያዎቹን ማስጨነቅ የለም።

ታኅሣሥ 14

ቀኑን ሙሉ ጤና ኬላው ውስጥ ተቀምጬ ሥራቸውን ሳይ ዋልኩ። ጥግ ላይ በወር በወር የተከፋፈለ የእንጨት ሣጥን አለ። ቲክለር ይሉታል። እናትየዋ ስትመጣ ካርዷ ከቤተሰብ ፎልደሩ (የአንድ ቤት ሰዎች ካርድ አንድ ላይ ከሚቀመጥበት አቃፊ) ይወጣል፤ ይሞላል፤ ከዚያ ቀጣይ ቀጠሮዋ በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ይገባል። ወሩ ሲያልቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የተገኘ ካርድ ሁሉ የቀረ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሣጥን ያሰበው ሰው ጎበዝ ነው። ባትሪ አይፈልግም፤ አይበላሽም፤ ሥልጠናውም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍተቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚያውቀው ወር እንጂ ቀን አይደለም። በወሩ ሦስተኛ ቀን የቀረች እናት ሠላሳ ላይ ነው የምትገኘው። ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ቢሮ ሲቀመጥ ባለሙያዋ መንደር ለመንደር ናት። ቀጠሮዋ ያለፈ ሴት በር ላይ እያለፈች ላታውቅ ትችላለች።

ስለዚህ ውሳኔ፦ መተግበሪያው የዚህ ሣጥን ኪስ የሚገባ ቅጂ ይሆናል። ዳሽቦርድ የለም፤ ግራፍ የለም። የወራቱ ክፍሎች በስልኩ ላይም እንዳሉ ይቀመጣሉ። በውስጣቸው ግን ሳምንትና ቀን ይጨመራል።

ጥር 3

የቀን መቁጠሪያ ሳምንት። ትንሽ ሥራ መስሎን ነበር።

ስልኩ በራሱ የሚያመጣው ቀን መምረጫ ጃንዋሪ ብሎ ይጀምራል። ባለሙያዎቹ ካርድ ላይ የሚጽፉት ጥር 3 ነው። "ትለምዱታላችሁ" ማለት አይቻልም። በቀን አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቅየራ ማለት በወር ብዙ የተሳሳተ ቀጠሮ ማለት ነው። ስለዚህ ቀን መምረጫውን እኛው ሠራነው፤ 13 ወር፣ ጳጉሜም የራሷ ገጽ አላት። ለስሌቱ በየፕሮግራም ቋንቋው የተዘጋጁ መሣሪያዎች አሉ። የጃቫው ጆዳ-ታይም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ የጃቫስክሪፕት የቀን አቀራረጽም ያውቃል። እኛ ቀኑን በውስጥ በተከታታይ የቀን ቁጥር እናስቀምጣለን። ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይቀየራል። መደመርና መቀነሱ በዚያ መንገድ ምንም አያስቸግርም።

የደስ ደሱ ክፍል የመውለጃ ቀን ስሌቱ ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ተብሎ ይሰላል። አብራን የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ኮዱን ከማየቷ በፊት ወረቀት ላይ አሳየችን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር እና 10 ቀን መደመር ነው፤ በቃ። መካከል ላይ ጳጉሜ ካለፈች 10 መሆኑ ቀርቶ 5 ይደመራል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች ደግሞ 4። በፈረንጁ አቆጣጠር ይህ እንዲህ አይጠራም፤ ወራቱ እኩል አይደሉማ።

ደንቡ የሚደናገረው ጠርዝ ላይ ነው። ቀኑ ራሱ ጳጉሜ ውስጥ ሲወድቅስ? ኅዳር 22 ያየች ሴት መውለጃዋ ጳጉሜ 2 ነው። ጳጉሜ 3 ያየች ደግሞ ሰኔ 8 ላይ ትወልዳለች፤ ጳጉሜዋ 6 ከሆነች ሰኔ 7። እነዚህን ሁሉ ፈተና አድርገን ኮዱ ውስጥ ጨምረናል። በተለይ 2019 ጳጉሜዋ 6 ቀን ስለሆነች የዚያ ዓመት ፈተና ረዘም ይላል።

ሰዓቱንም እዚያው ጨረስነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተባለ ቀጠሮ 9 ሰዓት ተብሎ እንዳይነበብ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በእኛ አቆጣጠር ብቻ ነው።

የካቲት 4

ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚገባው ቀን ግን ከየት ይመጣል? ዛሬ ከባለሙያዋ ጋር ቤት ለቤት ሄድኩ። "የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?" ስትል ማንም ቁጥር አይጠራም። "ለኅዳር ማርያም ሦስት ቀን ሲቀረው" አለች አንዷ። ባለሙያዋ ሳታመነታ ኅዳር 18 ብላ ጻፈች። መውለጃዋ ነሐሴ 28 ይሆናል ማለት ነው፤ ዛሬ ወደ 11 ሳምንት ሆኗታል። ሌላዋ "ጥምቀት አልፎ፣ ለሚካኤል ማግሥት" አለች። ሦስተኛዋ ሙስሊም ናት፤ ከመውሊድ ነው የቆጠረችው።

ማታ ተመልሰን አንድ ቁልፍ ጨመርን፦ "ከበዓል ቁጠር"። በዓሉን ትመርጣለች፤ ከዚያ "በፊት" ወይም "በኋላ"፤ ከዚያ የቀን ብዛት። መስቀል፣ ጥምቀትና ወርኃዊዎቹ በዓላት ቀናቸው የታወቀ ነው። ፋሲካ፣ ረመዳንና መውሊድ ግን ስለሚዘዋወሩ በየዓመቱ የሚሞላ ሠንጠረዥ ያስፈልጋቸዋል። በጨረቃ እይታ ምክንያት አንድ ቀን ቢዛነፍ ለእርግዝና ስሌት ለውጥ አያመጣም።

እስካሁን ከጻፍነው ሁሉ ባለሙያዎቹ የወደዱት ይህን ነው። እኔም።

አዋላጇ ግን አስጠነቀቀችን። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ የቆየች ሴት የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ቀኑ ብዙም አይታመንም። ስለዚህ "እርግጠኛ አይደለችም" የሚል ምልክት አለ። ያ ምልክት ሲነካ መተግበሪያው አንድ ቀን መጥራቱን ትቶ "ከዚህ እስከዚያ" ይላል፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ በአልትራሳውንድ እንድትታይም ያስታውሳል። ሐሰተኛ እርግጠኝነት ከሚሰጥ ሶፍትዌር ሰፋ ያለ ግምት ይሻላል ባይ ነኝ።

የካቲት 11

የስም ነገር። ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ። ሰውየዋ አንድ ናት፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ናት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ይጠቀለላሉ። የተጻፈው ስም ግን አይነካም፤ ሰው ስሙን እንደወደደ ይጻፍ። ገ/ሥላሴ እና ገብረ ሥላሴ፣ ኃ/ማርያም እና ኃይለ ማርያምም እንዲገናኙ ሆኗል።

በዚያ ላይ የክርስትና ስም አለ፤ የቤት ስም አለ። ስለዚህ ስም ብቻውን መለያ አይሆንም። የቤተሰብ ፎልደሩ ቁጥር ከስምና ከዕድሜ ጋር ሆኖ ይበቃል። መተግበሪያው "ይህች እሷው ትሆን?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሁለት ካርድ በራሱ አያዋህድም።

የካቲት 25

አጭር መልእክት ላይ ስንከራከር ሰነበትን። መጀመሪያ የተነሳንበት ሐሳብ እኮ ይህ ነበር፦ ለእናትየዋ ስልክ ቀጠሮዋን የሚያስታውስ ጽሑፍ መላክ።

የቴክኒኩ ጉዳይ ቀላል ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ይቆራረጣል፤ ዋጋውም በቁራጩ ነው። ያስፈራል፤ ግን አንድ ፊደላችን ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ 70 ያን ያህል ትንሽ አይደለም። "የጤና ኬላ ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።" ከነክፍተቱ 30 ምልክት ነው። የሚያስቸግረው አንዳንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ፊደሉ ወደ ባዶ ሣጥን መለወጡ ነው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ይሻላል። ገበሬው በ8028 የእርሻ ምክር በስልክ መስማት ስለለመደ ደውሎ ማዳመጥ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ስልኩ የማን ነው? ባለሙያዋን "የስንቶቹ ሴቶች ስልክ የራሳቸው ነው?" ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። "ወንድሜ፣ የባልየው ነው። እሱ ከብት ሊሸጥ ወጥቶ ሊያድር ይችላል። አንዳንዴም የጎረቤት ነው።" ቀጥላ ደግሞ ሳቋን ትታ "እርግዝናውን ገና ለማንም ያልነገረች አለች እኮ። መልእክቱን አማቷ ብታስነብበውስ?" አለችኝ።

በዚህ ምክንያት መልእክት በነባሪ ተዘግቷል። የሚከፈተው እናትየዋ ራሷ "ይላክልኝ፣ በዚህ ቁጥር" ስትል ብቻ ነው። ያኔም ጽሑፉ ስለ እርግዝና፣ ስለ ምርመራ ወይም ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል አይልም። ቀንና ሰዓት፤ በቃ።

አንዱ ባልደረባችን በዚህ ቅር ብሎታል። "ፕሮጀክቱን ስናስረዳ ሰው የሚገባው የመልእክቱ ነገር ነበር" ይላል። ልክ ነው፤ ለአለቆች ሲቀርብ ያምራል። እኔ ግን ማስታወሻው መድረስ ያለበት ቤቱን ለምታውቀው ባለሙያ ነው እላለሁ። ለማን መናገር እንዳለባት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ከዚህ በኋላ ሥራችን ሁሉ ወደ እሷ ስልክ ዞሯል።

መጋቢት 9

የመጀመሪያው "የሚጎበኙ" ዝርዝር ወጣ። እኛ በቀጠሮ ቀን ደርድረነው ነበር፤ ብዙ የዘገየው ከላይ። ታላቂቱ ባለሙያ አየችውና "ይኼ እኔን ተራራ ለተራራ ሊያዞረኝ ነው?" አለች። መደርደሪያው ጎጥ መሆን አለበት። አንድ ጎጥ ስትወጣ እዚያ ያለውን ሁሉ ጨርሳ ነው የምትመለሰው። አሁን መጀመሪያ ጎጡ፣ ከሥሩ ቤቱ፣ ከቤቱ ሥር እናትና ሕፃን። አስቸኳይ የሆነው በቀይ ይታያል፤ ከቦታው ግን አይነቃነቅም።

የክትባቱ ስሌት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲወለድ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) እና የፖሊዮ ጠብታ፤ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፤ ከዚያ ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር። ከልደት ቀን ብቻ ካሰላነው የዘገየ ሕፃን ላይ ይሳሳታል። የ6 ሳምንቱን በ11ኛው ሳምንት የወሰደ ልጅ የሚቀጥለው "አልፎበታል" ተብሎ በማግሥቱ አይወጋም። ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቀጣዩ ቀን ከልደት ቀን ብቻ ሳይሆን ከመጨረሻው ክትባትም ይቆጠራል።

ለነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 8 ክትትል ይዘናል፦ እስከ 12ኛው ሳምንት አንድ፣ ከዚያ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40። ወደ መጨረሻው እንዴት እንደሚቀራረብ ልብ በሉ። ወርን ብቻ የሚያውቅ ሣጥን የሚቸገረውም እዚያው ላይ ነው።

መጋቢት 12

ኔትወርክ የለም፤ መብራት የለም። ስልኩ ከፀሐይ መብራቱ ላይ ይሞላል። መረጃው ስልኩ ላይ ይቆያል። ባለሙያዎቹ ክትባት ለማምጣት ወይም ለስብሰባ ጤና ጣቢያ ሲወርዱ በራሱ ይገለበጣል። ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለውም።

መጋቢት 22

የመረጃ ጥበቃ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ እንደ ማንኛውም ስምና ስልክ አይታይም፤ ጠበቅ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መረጃ ነው። እኛም ለሥራው የማያስፈልገንን አንይዝም ብለናል። የኤችአይቪ ውጤት አይመዘገብም። የፋይዳ ቁጥር እንጨምር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልፈለግነውም። የቤተሰብ ፎልደሩ ቁጥር ይበቃናል።

ስልኩ በይለፍ ቁጥር ይከፈታል፤ ውስጡ የተመሰጠረ ነው። ከጠፋም ማንም አያነበውም።

የበለጠ ያወያየን ግን የሌባ ጉዳይ አልነበረም። የቀሩ እናቶች ዝርዝር ወደ ላይ ይላክ ወይስ አይላክ? ባለሙያዎቹ በግልጽ ፈርተዋል። "ይህን ያህል ሴት ለምን ቀረብሽ?" ተብሎ ግምገማ ላይ የሚነሳ ከሆነ ዝርዝሩን በሐቅ የሚሞላ አይኖርም። ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። ወደ ወረዳ የሚሄደው ድምር ቁጥር ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ስምና ቤት ከኬላውና ከጤና ጣቢያዋ አዋላጅ አያልፍም።

ሚያዝያ 21

የሪፖርት ሰሞን። የጤናው ወር ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው። ከቀን መቁጠሪያው ወር ጋር አይገጥምም። ባለሙያዎቹ በእነዚህ ቀናት መዝገብ እየገለበጡ በእጃቸው ይቆጥራሉ፤ ወረቀቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ የጤና ሪፖርት ወደሚሰበሰብበት የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የሚገባው ድምሩ ነው። ያ ሥርዓት ስንት እናት እንደመጣች ያውቃል፤ የትኛዋ እንደቀረች ግን አያውቅም። ለዚያ አልተሠራማ።

እኛ ያደረግነው አንድ ገጽ መጨመር ነው። ከ21 እስከ 20 ያለውን ቆጥሮ በቅጹ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ከስልኩ እያዩ ወደ ወረቀቱ መገልበጥ ብቻ። ታናሽየዋ ባለሙያ ሌላውን ሁሉ እስካሁን በትዕግሥት ነበር የምታየው፤ ዛሬ ግን "ይኼንንማ እንዳትወስዱብን" አለች። አንድ ሰው በወረቀት ሠርቶ እንደገና በስልክ ሥራ ከተባለ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ ደግሞም ልክ ነው። ከሥራዋ ላይ የሆነ ነገር ካልቀነሰላት በስተቀር ምንም ዓይነት ማስታወሻ አይሞላም።

ሚያዝያ 24

ዝርዝሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት በቀይ ሰነበተች። የ36 ሳምንት ክትትሏ አልፏታል። ባለሙያዋ ቤቷ ብትሄድ የለችም። አማቷ "እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ እዚያው ትወልዳለች" አሉ። እንግዲህ ይህቺን "ያቋረጠች" ልንላት ነው? ሄዳ የምትወልድበት ቀበሌ ባለሙያ ደግሞ እንግዳ ነፍሰ ጡር መምጣቷን አታውቅም። በሁለቱ ኬላዎች መካከል ትጠፋለች ማለት ነው፤ ያውም ሳምንቱ በደረሰበት ሰዓት።

"ለወሊድ ወደ ቤተሰቧ የሄደች" የሚል ምርጫ ገብቷል። ሲነካ የት ቀበሌ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከቀዩም ያስወጣታል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን በሶፍትዌር የሚያልቅ አይደለም። የዚያኛው ቀበሌ ኬላ የእኛን መተግበሪያ አይጠቀምም፤ ወረዳውም ሌላ ነው። አዋላጇ ያቀረበችው ሐሳብ የተለመደውን የሪፈር ወረቀት መጠቀም ነው። መተግበሪያው ወረቀቱ ላይ የሚገለበጠውን ያዘጋጃል፦ ሳምንቷን፣ የመውለጃ ቀኗን፣ የደም ግፊቷን፣ የወሰደችውን የቴታነስ ክትባት። ባለሙያዋ ጽፋ ለሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ትሰጣታለች። ለዚህ ደግሞ እንደምትሄድ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ30ኛው ሳምንት ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ "የት ለመውለድ አስበሻል?"

ጥያቄው ገና ኮድ ውስጥ አልገባም። ስለዚያችው ሴት ግን አዋላጇ ነገ ጠዋት ለዚያኛው ወረዳ ጤና ጣቢያ ትደውላለች።